የሙሴው ተራ

ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ታች ሲወርዱ፣ ወንዙ ጋ ሳይደረስ፣ አንድ ሰፊ ግቢ አለ። ድሮ የአንድ መኰንን ሰፈር ነበር፤ አሽከሮቻቸውና ባለሙያዎቻቸው ይኖሩበት ነበር ይባላል። እኔ አስተማሪ ሆኜ እዚያ ቤት በተከራየሁ ጊዜ መኰንኑ ከሞቱ ቆይቷል፤ ወራሾቹም ወደ ርስታቸው ስለ ሄዱ ቤቶቹ ልዩ ልዩ ሰው ገብቶባቸዋል። አንድ የውጭ በር፣ አንድ የውሃ ጉድጓድ፣ አንድ ትልቅ ወይራ፣ በወይራው ዙሪያ ደግሞ በራቸውን ወደ እሱ ያዞሩ ቤቶች ነበሩ። አንዱ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሲያስል ሌላው ቤት ይሰማል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ለማወጋው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

ከዚያ በፊት የኖርኩበት ሰፈር ጥራጊውን ማታ ማታ ከበር ውጭ እየደፋ ለጅብ ይተወው ነበር። ጅቡ ያልፈለገውን ዝናብ ይወስደዋል፤ ዝናብ ያልወሰደው እዚያው ይከርማል። አዲሱ ግቢ ግን ሌላ ነበር። አመድና ጥራጊ የሚቀበርበት ጉድጓድ ከቤቶቹ ራቅ ብሎ ተቆፍሯል። የውሃው ጉድጓድ የእንጨት ክዳን አለው፤ የሚቀዳበትም አንድ ቅል ብቻ ነው፤ ማንም የራሱን ዕቃ አይነክርም። በቅሎና ፍየል ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም። እኔ ይህን ሁሉ ባየሁበት ቀን እንደ ሕፃን ደስ አለኝ፤ በትምህርት ቤት ለልጆች በቃል የማስተምረውን ነገር በተግባር የሚኖረው ሰፈር ውስጥ ገባሁ ብዬ።

ይህን ሥርዓት ያወጣው የግቢው ማኅበር ነው። ማኅበራችን የማርያም ነበረ። እንደማንኛውም ማኅበር በወር አንድ ቀን በባለ ተራው ቤት እንሰበሰባለን፤ ባለ ተራው ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ጋግሮ ይቀበላል፤ ቄሱ ይባርካሉ፤ ጠላ የተሞላው ጽዋ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ሁሉም ከሱ ይጎነጫል። በመጨረሻ የሚቀጥለው ወር ባለ ተራ ጽዋውን ተሸክሞ፣ ማኅበርተኛው እያጀበው ወደ ቤቱ ይወስዳል። በሌላ ቦታ ነገሩ በዚህ ያበቃል። የኛዎቹ ግን ጽዋው ከዞረ በኋላ የግቢውን ጉዳይ ያነሣሉ። የጉድጓዱ ክዳን ተሰብሯል፤ ማን ይሥራው? የእገሌ ፍየል ማታ ማታ ከቤት ትገባለች፤ ለምን? እንዲህ እያሉ የቤቱን ጤና ከጸሎቱ ጋር አንድ ላይ ይጠብቁ ነበር።

የማኅበር አለቃ ሙሴ ይባላል። የኛ ሙሴ ኮርቻ ሰፊ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። በአራዳ ገበያ የእሳቸው ኮርቻ የታወቀ ነበር፤ ባለጸጎቹ አውቶሞቢል መግዛት ከጀመሩ ወዲህ ግን ሥራው ቀነሰ፤ እጃቸውም ደከመ፤ እቤት ሆነው ጠፍርና ልጓም እየጠገኑ ይውሉ ጀመር።

የመስኮቱን ነገር ያመጡት እሳቸው ናቸው። የግቢው ቤቶች በሙሉ ከበሩ በቀር ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ አልነበራቸውም። ብርድ ይገባል፣ ምች ይመታል፣ የሰው ዓይን ያያል ተብሎ ግድግዳው ድፍን ነው። አንድ ቀን ሙሴው አራዳ ካለ የአንድ ፈረንጅ ነጋዴ ቤት ኮርቻ ሊጠግኑ ሄደው በሁለት በኩል መስኮት ካለው ክፍል ተቀምጠው ሲሠሩ ዋሉ። ሲመለሱ ለባለቤታቸው የነገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው አሉ፦ ቀኑን ሙሉ ዓይኔን አላሸሁም። በማግሥቱ መጋዝ ተውሰው የራሳቸውን ግድግዳ መቁረጥ ጀመሩ።

እኔ በዚያን ጊዜ ገና አዲስ ነበርኩ፤ ግቢው ሁሉ ተሰብስቦ ሲያይ አብሬ ቆምኩ። አጠገቤ የቆመው ቆርቆሮ ነጋዴ ነበር፤ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ አራዳ ያደገ፣ ምላሱ የሰላ ሰው፣ ቤቱ ከሙሴው ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የሆነ።

«ሙሴ፣ ሌባው በበር ሲገባ እንዳይደክም አዝነውለት ነው?» አላቸው።

ሙሴው ከመጋዙ ቀና አላሉም። «ሌባ ብልህ ከሆነ ወዳንተ ነው የሚመጣው። እኔ ቤት ያለው ጭስ ነው፤ እሱን ይዞልኝ ቢሄድ እመርቀዋለሁ።»

«ምች ቢመታዎትስ?»

«አንተ አፍህን ከፍተህ ስትውል መቼ መታህ?»

ሰው ሳቀ። ክረምቱ ሲያልፍ የነጋዴውም ግድግዳ ተቆረጠ፤ ከዚያም የሌሎቹ። በማኅበሩ ቀን ሙሴው እኔን እየጠቆሙ «እኔ መቁረጡን እችላለሁ፤ ለምን እንደሚጠቅም ግን የኔታ ይንገራችሁ» ይሉ ነበር። በጢሜ አለመብቀል እየቀለዱ ነበር «የኔታ» የሚሉኝ። እኔም ተነሥቼ ስለ አየር፣ ስለ ጭስ፣ ስለ ፀሐይ ብርሃን አንድ በአንድ አስረዳለሁ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። እስከ መጨረሻው ነቅተው የሚሰሙኝ ግን እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሌላው ሲያዛጋ እሳቸው ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ መልሱ ካላረካቸውም «እስቲ እንደገና» ይሉኛል።

ሳሉ የጀመራቸው በበልጉ ወራት ነው። «የቆዳ ብናኝ ነው» አሉ፤ እኛም አመንን። ሳይለቃቸው ሲቀር ባለቤታቸው ወደ ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ሲመለሱ ሐኪሙ ምን አለ ብለን ብንጠይቅ «ጠጣ ያለኝን እጠጣለሁ» ብቻ አሉን። ከዚያ ወዲህ ግን አልጋቸውን መስኮቱ ሥር አዛወሩት። ቀን ቀን ከቤት ወጥተው ወይራው ሥር፣ ከሰው ትንሽ ራቅ ብለው ይቀመጡ ጀመር። ሽማግሌ ፀሐይ ይወዳል አልን።

በዚያው ሰሞን የነጋዴው ሚስት ወንድ ልጅ ወለደች። በግቢያችን ሕፃን ሲወለድ ሙሴው ታቅፈው፣ ግንባሩን ስመው፣ እትፍ እትፍ እያሉ ይመርቁታል፤ ያን ያላገኘ ሕፃን አልነበረም። በዚህ ልጅ ጊዜ ግን መጥተው ከደጃፉ ቆሙ፤ እጃቸውን አነሡና «እደግ፣ ተመንደግ» ብለው ከዚያው ተመለሱ። እናቲቱ በጣም ከፋት። «የኔ ልጅ ምን ጎደለው?» ብላ ለኔ ሳይቀር አማረረች። እኔም ምን እንደምላት ጠፍቶኝ ደክሟቸው ይሆናል አልኳት።

ከግቢው አጥር ማዶ ሳል ገብቶበት ከአባት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈበት ቤት ነበር። ቀባሪዎቹ እኛ ነበርን። ስለዚህ የሙሴው ሳል እየከበደ ሲሄድ ሴቶቹ ውሃ ጉድጓዱ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መነጋገር ጀመሩ። ቅሉን የያዘችው ክዳኑን ሳትከፍት ቆማ ታወራለች፤ ሙሴው ብቅ ሲሉ ትቀዳለች። ያቺ «ልጄን ለምን አልሳሙም» ብላ የከፋት እናት አሁን «እንኳን አልሳሙት» ብላ ታማትባለች።

ከሳሉ ይልቅ ሰዉን ያስጨነቀው ግን ሌላ ነገር ነበር። የሙሴው ተራ ደርሷል። በሚቀጥለው ወር ጽዋው ወደ እሳቸው ቤት ይገባል። እሳቸውም ይህን ተራ እንዴት እንደሚጠብቁት ያላየ አልነበረም። ባለቤታቸው ብቅል አብቅለዋል። እሳቸው ራሳቸው ከገበያ ኖራ አስመጥተው፣ ትንሽ ቀብተው ትንሽ እያረፉ፣ የቤቱን የውጭ ግድግዳ ነጭ ያደርጉ ነበር። «ዘንድሮ የማስተናግዳችሁ እንደ ቤተ መንግሥት ነው» ይላሉ በመንገድ የሚያልፈውን ሁሉ። አንድ ጊዜ ደግሞ ለኔ ብቻ «ከዚህ በኋላ ሌላ ተራ የሚደርሰኝ አይመስለኝም፤ ይህችን ግን አሳምሬ ማለፍ እፈልጋለሁ» አሉኝ። ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ስለ ልጓም የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ሙሴው በሌሉበት ነጋዴው ቤት ተሰበሰበ። ቄሱም ነበሩ። እኔ በሽታው ከአፍ ወደ አፍ እንደሚተላለፍ፣ አንድ ጽዋ ማዞር እንደማይገባ በተራ አስረዳሁ፤ በዚያን ቀን ሁሉም ነቅቶ ሰማኝ። ቄሱ ጥቂት አሰቡና «ቡራኬው በጠላውና በዳቦው ላይ ነው። ከጽዋው በየዕቃችሁ ብትቀዱ እኔ አልከለክልም» አሉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። የሚገባው መፍትሔ ተገኝቷል። ግን ነጋዴው «ቆይ እስቲ» አለ። «ዕድሜ ልካችን በአንድ ጽዋ ስንጠጣ ኖረን፣ ልክ የእሳቸው ተራ ሲደርስ የየራሳችንን ዋንጫ ይዘን ብንሄድ ምን ይላሉ? በገዛ ቤታቸው ተጸየፉኝ አይሉም?»

«ይላሉ» አለች ሚስቱ።

«ታዲያ ይነገራቸዋ» አልኩ።

«ማን ይነግራቸዋል?» አለ ነጋዴው።

ይሉኝታ የሚባለው ነገር በዚያ ቤት ውስጥ እንደ ሰው መጥቶ መካከላችን ተቀመጠ። ይሉኝታ ክፋት አይደለም፤ ሰውን ላለማስቀየም መጠንቀቅ ነው። ሁላችንም ሙሴውን እንወዳቸው ነበር፤ ስለምንወዳቸውም እውነቱን ከመናገር ይልቅ የሚያምር ምክንያት ፈለግን። በመጨረሻ የተስማማነው ይህ ነው፦ ባለቤታቸው ደክመዋልና ዘንድሮ አይልፉ፤ ተራውን ነጋዴው ይውሰደው፤ የየራስ ዋንጫውን ነገር ደግሞ ከዚያ በኋላ በሌላ ወር፣ ለሙሴው ሲባል መሆኑ በማይታወቅበት ጊዜ እናምጣው። ይህን እንዲነግሩ የተላኩት ነጋዴውና እኔ ነን፤ እሱ ቀልድ ስለሚያውቅ፣ እኔ ደግሞ ስለሚወዱኝ።

ሙሴው ወይራው ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። እጃቸውና ጢማቸው ኖራ ነክቶታል። ከአጠገባቸው በነጠላ የተሸፈነ ነገር አለ፤ አንድ እጃቸውን ከላዩ ላይ አሳርፈዋል።

«ኑ፣ ኑ፤ እኔም ልጠራችሁ ነበር» አሉን። «ግን እዚያ ማዶ ተቀመጡ፤ ነፋሱ ወደናንተ ነው።»

ነጋዴው እየተቀመጠ «ሙሴ፣ ጢምዎን ሁሉ ኖራ ቀቡት እኮ፤ ለሙሽርነት ነው?» አለ።

«ግድግዳው ሲያምር እኔ ለምን ልቅር ብዬ ነው። እናንተ አስቀድሙ፤ ምን አመጣችሁ?»

ነጋዴው ጀመረ። እትዬ ደክሟቸዋል አለ። ጠላ መጥመቅ በዚህ ዕድሜ ቀላል አይደለም አለ። የሱ ሚስት ከአራስ ቤት ስለ ወጣች ራሷ እደግሳለሁ ብላለች፤ ልጁም በማርያም ቀን ይመረቅልኝ ብላ ተመኝታለች አለ። የመጨረሻው እውነት አልነበረም። ሙሴው እስኪጨርስ ሰሙት። ሲናገር አንድ ጊዜ ነጠላውን ሊገልጡ እጃቸው ተነሣ፤ ከዚያ ተመልሶ እዚያው አረፈ።

ወደኔ ዞሩ። «የኔታስ?»

አፌን ከፈትኩ። ሁሉንም በተራ ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ ቃሉ ተዘጋጅቶልኝ ነበር። እሳቸው ግን ፊቴን አይተው ቀደሙኝ። «ተወው ልጄ፤ እሱ ነግሮኛል» አሉ። ከዚያም ለነጋዴው «እሺ። ለእናቲቱ እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ። ብቅሉን ባለቤቴ ትልክላታለች፤ እንዳይበላሽ» አሉት።

ተነሥተን ስንሄድ ነጋዴው በእፎይታ ተነፈሰ። «አልከፋቸውም» አለኝ። እኔም አልከፋቸውም ብዬ ማመን ፈለግሁ።

በማኅበሩ ቀን ነጋዴው ቤት ተሰበሰብን። ቄሱ ጸሎት ሊጀምሩ ሲሉ የሙሴው ባለቤት ትልቅ ሰፌድ በነጠላ ሸፍነው ገቡ። ብቻቸውን ነበሩ። ሰፌዱን ቄሱ ፊት አስቀምጠው ነጠላውን ገለጡት።

በሰፌዱ ላይ የቀንድ ዋንጫዎች ተደርድረዋል። ትንንሾች ናቸው፤ ተፍቀውና ተወልውለው እንደ ማር ያበራሉ። በእያንዳንዱ አንገት ዙሪያ ቀጭን ጠፍር ተሰፍቶበታል፤ ስፌቱ የኮርቻ ስፌት ነው። የጠፍሩ ቀለም ደግሞ በያንዳንዱ ላይ የተለያየ ነው፤ ሰው የራሱን ከሌላው እንዳያምታታ።

«ለየሰዉ አንድ አንድ ነው» አሉ እትዬ። «ጠላው ከጽዋው እየተቀዳ ይሰጣችሁ፤ ዋንጫውን ሁልጊዜ በፈላ ውሃ እጠቡ ብሏል። ሐኪሙ እንደዚያ ነው የነገረው።»

ቄሱ አንዱን ዋንጫ አንሥተው ጠፍሩን በጣታቸው ዳበሱት።

«እሳቸውስ?» አለች የሕፃኑ እናት።

«ሰው የተሰበሰበበት ቤት አልገባም ብሏል። ሕመሙ እንዳይተላለፍባችሁ ብሎ ነው» አሉ።

ቄሱ ጽዋውን አነሡና ወጡ። እኛም ዋንጫ ዋንጫችንን ይዘን ተከተልናቸው። ሙሴው በመስኮታቸው በኩል አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ታዩን። ቄሱ ከውጭ ቆመው ባረኩ፤ ለየሰዉም ተቀዳ፤ የሙሴው ዋንጫ በመስኮቱ ገብቶ ደረሳቸው። የእሳቸው ጠፍር ጥቁር ነበር።

«ይህን ሁሉ ሰው በመስኮት ሳስተናግድ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም» አሉ። የሳቀ ሰው ግን የለም። ነጋዴውም ዓይኑን ወደ ዋንጫው መለሰ።

ቄሱ «የሚቀጥለው ወር የእርስዎ ነው» አሏቸው። ሙሴው ራሳቸውን ነቀነቁ። ግን የሚቀጥለው ወር ሳይደርስ፣ ክረምቱ ሲከር ሞቱ። እሳቸውን ቀብረን ስንመለስ ነጩን ግድግዳ ዝናቡ ከታች አጥቦት ነበር።

ተራው ለባለቤታቸው ደረሰ። ማኅበሩን የተቀበሉት ባላቸው አስበውት በነበረው ሥርዓት ነው፤ ከቤት ውስጥ ሳይሆን ወይራው ሥር፣ በአየሩ ላይ፣ ሰው ከሰው ራቅ ራቅ ብሎ ተቀምጦ፣ እያንዳንዱ በዋንጫው። ሁሉም ነገር እኔ በትምህርት ቤት እንደማስተምረው ነበር። እንዲያውም ይበልጥ ነበር።

ሰው ሲበተን እትዬ ነጋዴውንና እኔን አስቀሩን። ልብሳቸው የሐዘን ነው። ዋንጫዎቹን በፈላ ውሃ እያጠቡ፣ ሳያዩን፣ «ያን ቀን ምን ብላችሁት ነው?» አሉ።

ነጋዴው «እርስዎ እንዳይደክሙ ብለን...» ብሎ አቆመ።

«እኔ መቼ ደከምኩ?» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም። «በሽታውን ከሐኪም ቤት ከተመለሰ ጀምሮ ያውቀዋል። ለሰው ልንገር ሲል ይፈሩኛል፣ ይሸሹኛል ይላል። እንዳይነግር ደግሞ ጽዋው ይመጣል። ከዚያ ይህን ዘዴ አገኘ። ቀንዱን ሲፍቅ ስንት ጊዜ እንዳሳለው እኔ ነኝ የማውቀው። ያን ቀን ጠዋት የመጨረሻውን ሰፍቶ ጨረሰና ወይራው ሥር ይዞት ወጣ። መጀመሪያ ለናንተ ለሁለታችሁ አሳያለሁ፣ የኔታ ደግሞ ለምን እንደሆነ ለሌላው ያስረዳልኛል ብሎ። ኋላ ሲመለስ በነጠላው እንደ ተሸፈነ ይዞት ገባ። ምን አሉህ ስለው ‹ቀደሙኝ› አለኝ፤ ሌላ አልጨመረም።»

እኔ አሁን የምኖረው ከዚያ ግቢ ወጥቼ ለትምህርት ቤቱ ቀረብ ባለ ሰፈር ነው። ዋንጫዬን ይዤው ነው የወጣሁት፤ ጠፍሩ ቀይ ነው። ተማሪዎቼ እያንዳንዱ ሰው የራሱ መጠጫ ለምን እንደሚያስፈልገው ሲጠይቁኝ ዋንጫውን አውጥቼ እያሳየሁ በተራ አስረዳቸዋለሁ፤ በደንብ ይገባቸዋል። ባለፈው ሰሞን ግን አንዱ «መምህር፣ ይህን ማን ሠራልዎ?» ብሎ ጠየቀኝ። ኮርቻ ሰፊ ነው አልኩት። ጠፍሩን እያገላበጠ አየና «ኮርቻ ሰፊ ለምን ዋንጫ ይሠራል?» አለ።

ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው። እስቲ ነገ እነግርሃለሁ ብዬ ደወሉ ሳይደወል ክፍሉን አሰናበትኩ።